የተሰጣው ኖራ

ተረፈች በአርባ ስድስት ዓመቷ ፊደል ለመቁጠር ትምህርት ቤት ስትገባ ለጎረቤቶቿ «ዳዊት መድገም አምሮኝ ነው» አለች። ለመምህሩ ለአቶ ጌታቸውም ያለችው ይህንኑ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ዳዊቱም አምሯታል። ከቤቷ አስነስቶ ከትናንሽ ልጆች ወንበር ላይ ያስቀመጣት ግን ዳዊት ሳይሆን ምራቷ አትክልት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተረፈች አንድ ልጅ ጃራ ምጽዋ በባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነው። ባሕር ሥር ገብቶ የመርከብ ሆድ ያያል፣ የሰመጠ ዕቃ ያወጣል። በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ቡራዩ ሲደርስ ግን በፖስታው ላይ ያለው ስም የእናቱ ሳይሆን የሚስቱ ነው። አትክልት የሰበታ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ከጃራ ጋር አንድ ዓመት ምጽዋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሙቀቱ አልስማማ ሲላት ወደ አማቷ ቤት መጣች። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ተረፈችም እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«እኔ ደህና ነኝ፣ የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ» እያለች ትወርድና መሃል ላይ ስትደርስ የአትክልት ዓይን ይሮጣል፣ አፏ ግን ዝም ይላል። ገጹን ትገለብጣለች። «ለኦቦ ኢቲቻ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ» ትልና ወረቀቱን ታጥፋለች።

«አለቀ?» ትላለች ተረፈች።

«አለቀ፣ እማማ።»

«ሁለት ቅጠል ሙሉ ጽፎ ይኼን ብቻ ነው ያለው?»

«ሌላው ስለ ሥራው ነው። ይሰለችዎታል።»

ይሰለችዎታል። ይቺ ቃል በተረፈች ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰንቅራ ቀረች። ባሏ ሞቱማ፣ ከቡራዩ በላይ ያለው ግድብ ዘበኛ የነበረው፣ ሲሞት ጃራ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ጥጥ ፈትላ፣ ማገዶ ተሸክማ ያሳደገችው እሷ ናት። ሕፃን ሳለ አፍንጫው ሲደፈንበት በአፏ እየመጠጠች ያስተነፈሰችው እሷ ናት። ታዲያ የዚህ ልጅ ሥራ ነው የሚሰለቻት? ደግሞስ ከሱሉልታ ጨዋ ልጅ አጭታለት አልነበረም እንዴ? እሱ ግን ሰበታ ለእረፍት ሄዶ ይቺን ይዞ መጣ። እሺ አለች። ሠርጉን ደገሰች። አሁን ደግሞ የልጇን ቃል በምራቷ አፍ፣ ያውም ተመጥኖ የሚሰጣት ሆነች።

እና ፊደል ቆጠረች። ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ እየሄደች። በመስከረም መጨረሻ የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች። ለአትክልት ግን ይህንን አልነገረቻትም።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ጃራ መጣ። ክረምቱ ከጋራው ላይ ጠርጎ ያመጣው ቅርንጫፍና ገለባ ግድቡ ውስጥ ገብቶ፣ ውኃው ወደ ቱቦ የሚያልፍበትን የብረት ወንፊት ደፍኖት ነበር። ግድቡን አጉድሎ ማጽዳት ከተማ ማስጠማት ይሆናል። ስለዚህ ጠላቂ ይላክልን ተብሎ ተጻፈ፤ ባሕር ኃይልም የአገሩን ልጅ ላከ።

በመጣ በማግስቱ ዕቃውን አልጋው ላይ ዘረጋው። ጥቁር የጎማ ከረጢት፣ የክንድ ያህል ሲሊንደር፣ ክብ ቆርቆሮ፣ ሁለት ወፍራም የጎማ ቱቦዎች፣ ፊት የሚሸፍን ጭምብል። የአባቱ ጓደኛ የነበረው፣ ዛሬም የግድቡ ዘበኛ የሆነው ኦቦ ኢቲቻ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ሌላው ጠላቂ አየሩን ተሸክሞ ይገባል» አለ ጃራ። «ተንፍሶ ወደ ውኃው ይለቀዋል፤ አረፋ ሆኖ ይወጣል። የኔ ግን አይወጣም፣ እማዬ። ይዞራል። የተነፈስኩት በዚህ ቱቦ ይሄድና እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ በኖራ መሃል ያልፋል። ኖራው የተቃጠለውን አየር ይይዝልኛል። የቀረው ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ ከሲሊንደሩ ትንሽ ኦክስጅን ይጨመርበታል፣ ከዚያ እንደገና እተነፍሰዋለሁ።»

«የተነፈስከውን መልሰህ?»

«መልሼ።»

«የተተፋ ይበላል እንዴ፣ ልጄ?»

ኦቦ ኢቲቻ ሳቀ። «ሃዸ ጃራ» አላት፤ እንደ አገሩ የጃራ እናት ማለቱ ነው። «ላም ታመሰኳ የለም? ልጅሽ ደግሞ ትንፋሽ ያመሰኳል።»

ጃራም ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውኃ ውስጥ ሊቆይበት እንደሚችል፣ ከስድስት ሜትር በታች ከወረደ ግን ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ እንደሚሆን ነገራት። ሃምሳ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርዱ ፈረንጆች ሌላ ጋዝ ይቀላቅላሉ አለ። የግድቡ ወንፊት ያለው አምስት ሜትር ላይ ነው። «ለኔ ጨዋታ ነው፣ አታስቢ» አላት።

አትክልት ይህን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክቡን ቆርቆሮ ትፈታ ነበር። ኖራውን ጨመረች። እንደ ተከካ ባቄላ የደቀቀ፣ ነጭ ነገር ነው። ጥቂት ትጨምርና ቆርቆሮውን በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፤ ኖራው ይሰክናል፤ እንደገና ትጨምራለች። ክፍተት ከተገኘ አየሩ በዚያ ያመልጣልና። ጃራ ቆርቆሮውን ተቀብሎ በጆሮው በኩል ነቀነቀው፤ ምንም አልተንሿሿም። «እንደ አትክልት የሚሞላልኝ የለም» አለ። «ምጽዋ ያሉ ጓደኞቼ ሳይቀሩ ሚስትህን አውሰን ይሉኝ ነበር።»

አትክልት አንገቷን ደፋች። ተረፈች የአንገቷን ማማር አየች፤ ማማሩም አናደዳት።

«እስቲ እኔም ልሞክረው» አለች ተረፈች።

«ተይው እማዬ፣ አንቺ አትችይውም። የሷ እጅ ለምዷል።»

ተረፈች ፈገግ አለች። ወጥታ በጓሮ በኩል ጎመኑን መነቃቀል ጀመረች፤ ያልደረሰውን ሁሉ ነቀለችው። ትንፋሹን የሰጠሁት እኔ፣ ዛሬ ትንፋሹን የምትሞላው እሷ፤ እያለች።

ጃራ ለልምምድ የተሞላውን አራግፎ ወደ ማስቀመጫው መለሰውና ሲሊንደሩን አስሞልቶ ለመምጣት አዲስ አበባ ወረደ። ሦስት ቀን ይፈጃል። አትክልትም እሱ እስኪመለስ ሰበታ እናቷን ጠይቃ ልትመለስ ተነሳች። ኖራው ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ገና ያልተከፈተ፣ ዙሪያው በብረት የታሸገ፤ ሁለተኛው ክዳኑ በጎማ ቀለበት የሚጠብቅ፣ የተጀመረው። ሁለቱንም ሣጥኗ ውስጥ ከተተችና ነጠላዋን እየተከናነበች፣ «እማማ፣ አደራ፣ ይኼ ኖራ እንዳይነካ» አለች።

«ማን ይነካዋል?»

«እንዲያው ነው።»

«በቤቴ ውስጥ ከኔ ሌላ ማን አለ? ድመቷ ናት?»

አትክልት ቀላች። «እንዲያው ነው፣ እማማ» ብላ ጉልበቷን ስማ ሄደች።

ተረፈች ግማሽ ቀን ሣጥኑን ዞር ዞር እያለች ስታየው ዋለች። በመጨረሻ ከፈተችው። የተጀመረውን ቆርቆሮ አወጣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ እጇን ሰደደች። ኖራው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ደግሞ እርጥብ። ውኃ የነካው ያህል ባይሆንም ረጠብ ብሏል።

እጇን አውጥታ ጣቶቿን አሻሸች። ከዚያ ደስ አላት፤ ደስ ማለቱን ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች። ይኸው። ያቺ እጇ የለመደ፣ ያቺ ጓደኞቹ ሁሉ የተመኟት፣ የልጇን ኖራ አርጥባው ሄደች። ጤፍ የረጠበ እንደሆነ ይሻግታል። በርበሬ የረጠበ እንደሆነ ይበሰብሳል። ቤት የያዘች ሴት ይህን ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል መድረስ የለባትም። የጥቅምት ፀሐይ ለምን ተፈጠረ?

ሰፌድ አወጣች። ጠርጋ፣ በነጠላ አብሳ፣ ኖራውን ስስ አድርጋ አሰጣችው። ዶሮዎቹ መጡ፤ አንዷ ቀምሳ አንገቷን እያወዛወዘች ሸሸች። ተረፈች ጭራ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሰዓት ትምህርቷን ቀረች። በእጇ ታገላብጠዋለች፣ ጉብ ያለውን ትበትናለች። ሲመሽ ታስገባዋለች፣ ሲነጋ ታወጣዋለች። ሦስት ቀን እንዲህ ዋለች። እጇ ደረቀባት፣ መዳፏ ተሰነጣጠቀ፣ የጣቶቿም ጫፍ ተላጠ። ቅቤ ቀባችው። የእናት እጅ እንጂ ሌላ ማን ይህን ይታገሣል አለች በልቧ።

በሦስተኛው ቀን ኖራው እንደ በሶ ዱቄት ደርቆ፣ ሲዝቁት የሚቦን ሆነ። ወደ ቆርቆሮው መለሰችው፣ ጎማውን አጠበቀች፣ ሣጥኑ ውስጥ እንደነበረ አስቀመጠችው። ለማንም አልነገረችም። ጃራ ከግድቡ በሰላም ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ኖራህን ማን እንዳደረቀልህ ታውቃለህ?» ልትለው ነበር። ይህን አስባ እንዴት ደስ ይላት ነበር።

በዚያው ማታ ጃራ ከአዲስ አበባ፣ አትክልትም ከሰበታ ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ሁሉም ወደ ግድቡ ሊሄድ ሲነሳ ጃራ ግንባሯን ሳማትና፣ «አንቺ ቤት ቆይ፣ እማዬ» አላት።

«ለምን?»

«ትጨነቂያለሽ። አትክልት ገመዱን ትይዝልኛለች። አንቺ እዚያ ቆመሽ እያየሁሽ ውኃ ውስጥ መግባት አልችልም።»

ገመዱ ወገቡ ላይ የሚታሰር ነው። አንድ ጊዜ ሲሳብ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ አራት ጊዜ ሲሳብ ውጣ ወይም አውጡኝ። ተረፈች ይህን የሰማችው ማታ ለአትክልት ሲነግራት ነው። እንግዲህ ኖራውም የሷ፣ ገመዱም የሷ። እምብርቱ የተቆረጠው ከማን ነበር?

«እሺ፣ ሂዱ» አለች። በረንዳ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ዕቃውን የጫነው ላንድሮቨር አቧራውን አስነስቶ ወደ ጋራው ሲታጠፍ ወደ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ የአትክልትን ሣጥን ከፈተች።

የምትፈልገው ደብዳቤዎቹን ነበር። ዛሬ ታያለች። ምን እንደሚላት፣ እናቱን ምን ብሎ እንደሚያማ፣ አትክልት የምትዘለው የትኛውን እንደሆነ። በቀይ ክር የታሠሩ ናቸው። የላይኛውን፣ ከመምጣቱ በፊት በመጨረሻ የጻፈውን መዘዘች። መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

የጃራ ጽሕፈት የተያያዘ ነው፤ እንደ አቶ ጌታቸው ጥቁር ሰሌዳ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ታውቃቸዋለች፤ ጆሮዋ የሰማውን ዓይኗ ተከተለው። ሰላምታው፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ የሚለው። ከዚያ አትክልት ዝም የምትልበት ቦታ ደረሰች። አንዱን ቃል ይዛ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ እንደገና እያነበበች ወረደች።

«ሁለት ቆርቆሮ ኖራ ይዤ እመጣለሁ። ሲሊንደሩን አስሞልቼ እስክመለስ አንቺ ጋ ይቀመጣል፤ አደራ። አየር እንዳይነካው። እንዳይደርቅ። ሲነኩት ረጠብ ያለ ከሆነ ደህና ነው።»

ጣቷ ቆመ። ይህን ሐረግ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አላመነችም፤ አራተኛ አነበበችው። ረጠብ ያለ ከሆነ ደህና ነው።

«አየር ላይ የዋለና የደረቀ ኖራ ግን የሞተ ነው። የተቃጠለውን አየር አይይዝም። የሚከፋው ደግሞ ሰውየው አለማወቁ ነው። ትንሽ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ እዚያው ውኃ ውስጥ ይተኛል። ባለፈው ወር አንዱን ባልደረባችንን እንዲህ ሆኖ በገመድ ነው ያወጣነው። ይህንን ለእማዬ አታንብቢላት። ስለ ሥራዬ እንዲህ ያለውን ሁሉ እንደ ልማድሽ ዝለዪው። ካወቀች በመኝታዋ እንቅልፍ አይኖራትም፤ በእኔ ምክንያት የነቃችው ይበቃታል።»

ተረፈች ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ደብዳቤው ውስጥ ሐሜት አልነበረም። ሁለቱ ተማክረው የደበቋት ፍርሃትን ነበር። እሷ ደግሞ...

መዳፏን አየችው። ተሰነጣጥቋል።

ነጠላ አልደረበችም። ጫማዋን በግራ እጇ እንደያዘች ጎዳናው ላይ ወጣች። ሱቀኛው ከድሩ ጋሪው ላይ ጨውና ስኳር ጭኖ በሆለታ መንገድ ሊወጣ ነበር።

«ከድሩ፣ ግድቡ ድረስ አድርሰኝ።»

«ምነው እትዬ ተረፈች፣ ጫማ በእጅ? ዛሬ ደግሞ ለመሳለም ነው?»

«ልጄ ውኃ ውስጥ ነው።»

ከድሩ ፊቷን አየና ቀልዱን ዋጠው። ሁለት ጆንያ ስኳር ደጃፉ ላይ አውርዶ ፈረሱን ገረፈ። ዳገቱ ላይ ፈረሱ ሲያዘግም ተረፈች ወርዳ ከጎኑ ሮጠች፤ ሜዳው ላይ እንደገና ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ የተጀመረውን ነው ወይስ የታሸገውን ነው የሚሞሉት? መልሱን ግን ታውቀዋለች። የተጀመረ እያለ አዲስ አይከፈትም። በእሷ ቤት ሕጉ ይኸው ነው፤ አትክልትንም ያስተማረቻት ራሷ ናት።

ግድቡ ላይ ስትደርስ ውኃው ፀጥ ብሏል። ምንም አረፋ የለም። ሌላ ጠላቂ ቢሆን አረፋው ይታይ ነበር፤ ጃራ ግን ትንፋሹን ይዞ ነው የገባው። የግንቡ ጫፍ ላይ የግድቡ መሐንዲስ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፤ ኦቦ ኢቲቻ ተቀምጧል። አትክልት በሆዷ ተኝታ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ዓይኗ ከውኃው አይነሳም።

ተረፈች ለአንዲት አፍታ ቆመች። ያን ሁሉ መንገድ ሮጣ መጥታ፣ ልጇ ውኃ ሥር ሆኖ፣ አሁንም በገመዱ ላይ ያሉትን እነዚያን ቀጫጭን ጣቶች ስታይ ልቧ ተወጋ። ሰው እንዲህ ነው።

«አውጪው» አለች።

አትክልት ዞር አለች። «እማማ? እንዴት መጡ?»

«አውጪው ብዬሻለሁ።»

«ደህና ነው። ሃያ አምስት ደቂቃው ነው ከገባ። አሁን በቅርቡ አንዴ ስቧል።»

«ስቢው፣ አራት ጊዜ።»

«ያለ ምክንያት አይሳብም፣ እማማ» አለች አትክልት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሥራ ላይ ነው። የፈራ ሰው ገመድ አይነካም፤ ሕግ ነው። እባክዎ ይቀመጡ፣ ውኃ ይምጣልዎ።»

ኦቦ ኢቲቻ ተነስቶ ክንዷን ያዘ። «ነይ ሃዸ ጃራ፣ እዚህ ጥላው ላይ...»

ምክንያቱን ካልተናገረች አይሰሟትም። ከተናገረች ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአትክልት ፊት፣ የልጇን ትንፋሽ የገደለችው እሷ መሆኗ ይታወቃል። ክንዷን ከኢቲቻ እጅ መነጨቀች።

«ኖራውን አስጥቼዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«የተጀመረውን። ረጥቦ አገኘሁት። ሰፌድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ሦስት ቀን።»

ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። አትክልት የተላጡትን ጣቶች አየች። ምጽዋ ሳለች የራሷም እጅ አንድ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ምንም አልጠየቀችም። ወደ ውኃው ዞራ ገመዱን ሳበች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ጠበቁ። መልስ የለም።

እንደገና አራት። ገመዱ ረግቦ ቀረ።

«ያዙ» አለች አትክልት። ተረፈች በጉልበቷ ወድቃ ከኋላዋ ገመዱን ያዘች፤ ኦቦ ኢቲቻ ከተረፈች ኋላ፣ መሐንዲሱ ከሱ ኋላ። ጎተቱ። የሆነ ነገር ይዞት ነበረና መጀመሪያ አልመጣም፤ ከዚያ ለቀቀው። ተረፈች የተሰነጠቀው እጇ ደማ፤ አልታወቃትም። ከፊቷ አትክልት ገመዱን እጅ በእጅ ትሰበስባለች። ሁለቱም አንድ ስም ነበር በአፋቸው፤ ማን ቀድሞ እንደጠራው አይታወቅም።

ጥቁሩ ጭምብል ብቅ አለ። ግንቡ ላይ አወጡትና አትክልት ጭምብሉን ገፈፈችው። የጃራ ፊት ቀልቷል፣ በላብ ተጠምቋል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል። ደረቱ በኃይል ይወጣል ይወርዳል። አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ አስመለሰው። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለ። ቀጠለና፣ «እማዬ፣ ቤት ቆይ አላልኩሽም?»

ራሱን እንደ ምሥማር ሲወጋው ዋለ፤ ግን ተረፈ። ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ ሆኖ አምስት ደቂቃ ሲተነፍስበት ደህና እንደነበረ ኋላ ተናገረ። አትክልት ኖራው ቦነነብኝ ብላው ነበር፤ እሱ ነው ግድ የለም ያላት። ቁጭ ላለ ሰው በኖራው ውስጥ የቀረችው ኃይል ትበቃለች፤ ውኃ ሥር ቅርንጫፍ ለሚጎትት ግን አልበቃችም።

መሐንዲሱ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ምንድን ነው የሆነው? መጻፍ አለብኝ። የማን ስህተት ነው?»

ተረፈች አፏን ሳትከፍት አትክልት ተናገረች። «የኔ ነው፣ ጌታዬ። ኖራው መድረቁን ሳልመረምር ሞላሁት።»

ይህን ጊዜ ተረፈች ውስጥ ያ ሁሉ ወራት የከረመው ነገር እንደገና ነደደ። ኖራውን ወሰደች፣ ገመዱን ወሰደች፣ ደብዳቤውን ወሰደች። አሁን ጥፋቱንም ልትወስድባት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየቤቱ፣ የሰበታዋ ልጅ ለአማቷ ስትል በደል ተሸከመች ይባላል፤ ተረፈች ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የዚህን ምስጋና ዕዳ ስትከፍል ትኖራለች።

«አይደለም» አለች። «አትጻፍ እሷን። እኔ ነኝ። ተረፈች ወልዴ በለው። አስጥቼው ነው።»

«እማማ፣ ይተዉ...»

«አንቺ ተይ። ይኼ የኔ ነው፤ አልሰጥሽም።»

መሐንዲሱ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየ። ኦቦ ኢቲቻ ፂሙን አሻሸና፣ «አማትና ምራት በንብረት ሲጣሉ አይቻለሁ» አለ። «በጥፋት ሲሻሙ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ጃራ በጀርባው እንደተጋደመ ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አሳመመውና ፊቱን አጨማደደ። አትክልትም ሳቀች፤ ሳቅዋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ተረፈች ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላ አልያዘችምና በቀሚሷ ጫፍ የልጇን አፍ ጠረገች።

ቤት ሲመለሱ አትክልት በሣጥኗ አጠገብ የተከፈተውን ደብዳቤ አገኘችው። ቀዩ ክር ወለል ላይ ነበር። አንስታ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«አነበቡት?» አለች።

«አነበብኩት።»

«ሁሉንም?»

«እስከ ታች።» ተረፈች ዓይኗን አልሰበረችም። «አንቺ የምትዘልዪው ይኼ ነበር?»

«እሱ ነው አትንገሪያት ያለኝ። እኔ ግን...» አትክልት ክሩን ከጣቷ ፈታች። «አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር፣ እማማ። እርስዎ የማያውቁትን ማወቄ። በልጅነቱ ያለውን ሁሉ እርስዎ ነዎት የያዙት። እኔ ያለችኝ ይቺ ኖራ ብቻ ነበረች።»

ተረፈች ደብዳቤውን አንስታ በእጥፋቱ አጠፈችው። በዚህ ቤት ውስጥ የምትቀናው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ሳምንት ቆይቶ ጃራ ራሱ ሲሻለው የታሸገው ቆርቆሮ ተከፈተ። አትክልት ግድቡ ላይ ተቀምጣ ሞላችው፤ ጠቅ ጠቅ እያደረገች አሰከነችው። ተረፈች አጠገቧ ተቀምጣ አየች። ልሙላ አላለችም። አሁንም ትንሽ ትቀናለች፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሳምንት አይለቅም። ጃራ ገባ፤ ወንፊቱ ነፃ ሆነ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገመዱን አትክልት ይዛለች፤ ጫፉን ደግሞ ተረፈች እጇ ላይ ጠምጥማዋለች። ማንም ያዢ አላላትም፤ ማንም ልቀቂ አላላትም።

ከቆርቆሮው የተረፈውን ኖራ አትክልት ጎማውን አጥብቃ ዘጋችው። ተረፈች ከትምህርት ቤት ደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች፣ እርሳሷን በምላሷ አርሳ ረጅም ጊዜ ጻፈች፣ በሊጥ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው። ፊደሎቹ ትላልቅና ወዲያ ወዲህ የተጋደሙ ናቸው።

አትክልት ጎንበስ ብላ አነበበችው። አይሰጣም ይላል።

«እማማ፣ ይኼንን እኮ ማንም ሰው አያሰጣውም ነበር» አለች።

«እኔ አስጥቼዋለሁ» አለች ተረፈች፤ ሊጡ እስኪይዝ ድረስም የተሰነጠቀ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተጭና ቆየች።